ቤርሳቤህ፦ የከተማ ስም ነው ወይስ የሴት?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «መምህር፣ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሴት መሆኗን አውቀናል። እኔና ባለቤቴ ስሟን ቤርሳቤህ ልንላት ተስማምተን ነበር። እስራኤል የምትኖረው የባለቤቴ እህት ግን ‹ይሄ እኮ የሴት ስም አይደለም፣ እኔ የምኖርበት ከተማ ስም ነው› አለችን። አንድ የማኅበር ወንድማችን ደግሞ ‹የሳባ ጉድጓድ ማለት ነው፣ ከንግሥተ ሳባ ጋር ይገናኛል› አለ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ‹ሰባት ጉድጓዶች› የሚል አገኘሁ። ለመሆኑ ከተማው የተሰየመው በዳዊት ሚስት ነው? ትክክለኛው ትርጉም የቱ ነው? ለልጅስ ይሆናል ወይ?»

ከተማው በዳዊት ሚስት ስም አልተጠራም። እሷም በከተማው ስም አልተጠራችም። በዕብራይስጡ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ እኛ ጋ ሲደርሱ ግን አንድ ሆነው ተጻፉ፣ ግራ መጋባቱ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ የባለቤትሽ እህት የከተማ ስም ነው ማለቷ ልክ ነው፣ የሴት ስም ነው ያልሽው አንቺም ልክ ነሽ። የማኅበሩ ወንድም ግን ተሳስቷል። «ሰባት ጉድጓዶች» የሚለውም ስህተት ነው፣ ወደ እውነቱ ትንሽ ቢጠጋም።

ከስሞቹ እንጀምር። ከተማው በዕብራይስጥ በኤር ሼባ ነው። ዛሬ እስራኤል ውስጥ ሰዉ በኤር ሼቫ እያለ ነው የሚጠራው። «በኤር» የውኃ ጉድጓድ ማለት ነው፤ ዓረብ አገር የኖረ ሰው «ቢር» የሚለውን ቃል ያውቀዋል፣ ያው ነው። ከአማርኛው «በር» ጋር ግን ምንም ግንኙነት የለውም፣ ስለዚህ «የሳባ በር» የሚል ፍቺ ካጋጠመሽ እለፊው። የዳዊት ሚስት ስም ደግሞ ባት ሼባ ነው። «ባት» ማለት ሴት ልጅ ነው። ወለተ ማርያም፣ ወለተ ጊዮርጊስ ስንል «ወለተ» የምትሠራውን ሥራ ነው «ባት» የምትሠራው። ሁለቱ ስሞች የሚጋሩት የኋላውን ግማሽ ብቻ ነው። የፊተኛው ግማሽ በአንዱ ጉድጓድ፣ በሌላው ልጅ ነው።

ታዲያ እንዴት አንድ ሆኑ? በግሪክኛ በኩል ስላለፉ ነው። ብሉይ ኪዳን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በእስክንድርያ ወደ ግሪክኛ ተተረጎመ፤ ሰብዓ ሊቃናት የምንለው ትርጉም ነው። ግሪክኛ «ሸ» የሚባል ድምፅ የለውም። ዓይኑን «ዐ» የሚጽፍበት ፊደልም የለውም። ስለዚህ «ሼባዕ» የሚለው ቃል ግሪክኛ ሲደርስ «ሳቤኤ» ሆነ። እስከዚህ ድረስ የሚጠበቅ ነው። የማይጠበቀው የሴትዮዋ «ባት» ወደ «ቤር» መለወጡ ነው። ተርጓሚዎቹ ወይም ገልባጮቹ አፋቸው የለመደው የቦታው ስም ስለሆነ ሳያስቡት እሷንም በዚያው የጻፏት ይመስላል። እንግዲህ በሰብዓ ሊቃናት እሷም ቤርሳቤኤ፣ ከተማውም ቤርሳቤኤ ሆኑ። የግዕዙ ብሉይ የተተረጎመው ከዚህ ግሪክኛ ነው፤ አማርኛውም የስሞቹን መልክ ከግዕዙ ወረሰ። ላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ ሴትዮዋን «ቤትሳቤኤ» ብሎ ከቦታው ለይቶ ስለጻፋት የምዕራብ አውሮፓ አንባቢዎች ይህ ጥያቄ አይመጣባቸውም። የእኛ ጥያቄ ነው።

መደናገሩ ከሁሉ የሚያስቸግረው መዝሙረ ዳዊት 50 ላይ ነው። ርእሱ ዳዊት ወደ ቤርሳቤህ ከገባ በኋላ ነቢዩ ናታን ወደ እርሱ እንደመጣ ይናገራል። አማርኛውን ብቻ የሚያነብ ሰው ዳዊት ወደ አንድ ከተማ የገባ ሊመስለው ይችላል፣ አንዳንድ ልጆች እንዲያውም እንደዚያ ነው የሚረዱት። የሚለው ስለ ሴቲቱ ነው። መለየቱ ግን ከባድ አይደለም። በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 11 እና 12፣ በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 1 እና 2፣ እንዲሁም በዚህ መዝሙር ርእስ ላይ ያለችው ሴቲቱ ናት። በኦሪት፣ በኢያሱ፣ በመሳፍንት፣ በነቢያት የምታገኚው ቦታው ነው። «ከዳን እስከ ቤርሳቤህ» የሚል ሐረግ ካየሽ ምንጊዜም ቦታው ነው፤ ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ፣ አገሩ በሙሉ ማለት ነው። ከዳን እስከ ቤርሳቤህ በቀጥታ መስመር 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቅዱሳን መጻሕፍት «እስራኤል ሁሉ» ሲሉ ምን ያህል ጠባብ አገር እንደሚያወሩ ከዚህ ይታያል። (ዜና መዋዕል ሐረጉን ገልብጦ «ከቤርሳቤህ እስከ ዳን» ይለዋል፤ ከደቡብ፣ ከይሁዳ በኩል ቆሞ የሚያይ ጸሐፊ ስለሆነ ይሆናል።)

ከተማው በእሷ ስም ሊጠራ እንደማይችል ደግሞ ከዘመን ቅደም ተከተል ብቻ ይታወቃል። ዳዊት ገና ሳይነግሥ፣ የሳሙኤል ልጆች በቤርሳቤህ ፈራጆች እንደነበሩ 1ኛ ሳሙኤል 8 ላይ ተጽፏል። ከዚያ አስቀድሞ ያዕቆብ ወደ ካራን ሲሸሽ የተነሳው ከዚያ ነው። በእርጅናው ወደ ግብፅ ሲወርድም መሥዋዕት የሠዋው እዚያው ነው። ስሙ ራሱ የወጣው በአብርሃም ጊዜ ነው ይላል ኦሪት ዘፍጥረት።

እንግዲህ ወደ ትርጉሙ እንምጣ። ዘፍጥረት 21ን ክፈቺና ከቁጥር 22 ጀምሮ ቀስ ብለሽ አንብቢው። የጌራራ ንጉሥ አቢሜሌክ ከሠራዊቱ አለቃ ከፊኮል ጋር ወደ አብርሃም ይመጣል፣ «ማልልኝ» ይለዋል። አብርሃም እሺ ይላል፤ ነገር ግን ቅሬታ አለው። የአቢሜሌክ አገልጋዮች የውኃ ጉድጓድ ነጥቀውታል። አቢሜሌክ «አልሰማሁም፣ ዛሬ ገና ከአንተ ሰማሁ» ብሎ ይመልሳል። እዚህ ላይ አብርሃም አንድ ያልተለመደ ነገር ያደርጋል፤ ሰባት ቄብ በጎችን ከመንጋው ለይቶ ለብቻቸው ያቆማል። ንጉሡ ግራ ገብቶት «እነዚህ ሰባቱ ምንድን ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል። አብርሃምም «እኔ ይህን ጉድጓድ እንደቆፈርኩ ምስክር እንዲሆኑኝ ከእጄ ትወስዳቸዋለህ» ይለዋል። በጎቹ እንደ ውል ሰነድ ናቸው። ንጉሡ ከተቀበላቸው ጉድጓዱ የአብርሃም መሆኑን አመነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ጽሑፉ የስሙን ምክንያት የሚናገረው፤ ቦታው በኤር ሼባ ተባለ፣ ሁለቱ በዚያ ተማምለዋልና።

ልብ በይ፣ ታሪኩ ሰባቱን ደጋግሞ ካነሳ በኋላ ምክንያቱን ሲናገር መሐላን ነው የጠራው። ይህ ዝብርቅርቅ አይደለም። በዕብራይስጥ «ሼባ» ሰባት ነው፣ «ኒሽባ» ማለ፣ «ሸቡዓ» መሐላ። ሦስቱም ሥራቸው አንድ ነው፦ ሽ፣ ብ፣ ዕ። ሰሚው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይሰማል። ብዙ ሊቃውንት መማል የሚለው ግሥ ከሰባት ቁጥር እንደመጣ ያስባሉ፣ ራስን በሰባት ነገር ማሰር እንደማለት፤ ይህ ግን ግምት ነው፣ የሚቃወሙትም አሉ። በአካባቢው መሐላና ሰባት ተያይዘው እንደነበሩ ግን ሌላ ምስክር አለ። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ዓረቦች ቃል ኪዳን ሲገቡ በመካከላቸው ያሉ ሰባት ድንጋዮችን በደም እንደሚቀቡ ጽፏል።

እኛም ቋንቋ ውስጥ ይህ ሥር አለ። ግዕዙ «ሰብዐቱ» ይለዋል፣ እኛ ሰባት። ሱባኤ ስንገባ የምንለው «ሱባዔ» መነሻው ሰባት ቀን፣ ሳምንት ነው፤ ዕብራይስጡም ሳምንትን «ሻቡዓ» ይለዋል። ወንድምና እህት ቃላት ናቸው። ስለዚህ «ሼባ» የሚለውን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት ከብዙ ሰው ይልቅ ይቀላል።

«ሰባት ጉድጓዶች» የሚለው ለምን ይወድቃል? በሰዋስው። «በኤር» ነጠላ ነው፣ አንድ ጉድጓድ። ሰባት ጉድጓዶች ለማለት ቢፈለግ ቁጥሩ ይቀድምና ጉድጓዱ ብዙ ቁጥር ይሆናል፣ «ሼባ በኤሮት»። ስሙ የሚለው «የሰባቱ ጉድጓድ» ነው፤ ሰባቱም በጎቹ ናቸው። ወይም ደግሞ «የመሐላው ጉድጓድ»። አንዱን ብቻ ምረጥ ካልሽኝ መሐላውን እመርጣለሁ፣ ጽሑፉ ራሱ ምክንያት ብሎ የጠራው እሱን ነውና፤ ሰባቱን ግን ከጀርባው መስማት አለብሽ።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ዘፍጥረት 26 ላይ ይስሐቅ ከዚያው ከአቢሜሌክ ጋር ይማማላል፣ በዚያው ቀን አገልጋዮቹ ስለቆፈሩት ጉድጓድ ወሬ ይዘው ይመጣሉ፣ እሱም ጉድጓዱን «ሺብዓ» ይለዋል፣ «ስለዚህም የከተማይቱ ስም እስከ ዛሬ በኤር ሼባ ነው» ይላል። አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ስም ወጣለት ማለት ነው? አንዳንዱ ተመራማሪ ሁለት ጥንታዊ ትውፊቶች ጎን ለጎን ተጠብቀው ነው ይላል። ሌላው ደግሞ በዚሁ ምዕራፍ ቁጥር 18 ላይ ይስሐቅ አባቱ የቆፈራቸውን፣ ፍልስጥኤማውያን የደፈኗቸውን ጉድጓዶች እንደገና አስቆፍሮ በአባቱ ስም እንደጠራቸው ያስታውሳል፤ ልጅ የአባቱን ስም አደሰ እንጂ አዲስ አላወጣም ባይ ነው። እኔ ሁለተኛው ይበልጥ ጽሑፉን ያከበረ ይመስለኛል፣ ግን በዚህ ላይ ማንም እርግጠኛ ነኝ ቢልሽ አትቀበይው።

አሁን ወደ እኛ መጻሕፍት የሚመጣው ነገር አለ፣ በጣም የምወደው ክፍል ነው። የግሪኩ ተርጓሚዎች በኦሪት ዘፍጥረት ውስጥ ስሙን በድምፁ አልጻፉትም፤ ተረጎሙት። «የመሐላ ጉድጓድ» አሉት። ግዕዙም ተከትሎ «ዐዘቅተ መሐላ» አለ። ስለዚህ ግዕዙን የሚከተል ኦሪት እጅሽ ላይ ካለ ዘፍጥረት ውስጥ ቤርሳቤህ የሚል ብትፈልጊ ላታገኚ ትችያለሽ፣ ያለው ግን እሱ ራሱ ነው። ከኢያሱ ጀምሮ ደግሞ ግሪኩ በድምፁ ስለሚጽፈው ቤርሳቤህ ይሆናል። አንድ ቦታ፣ ሁለት ስም፣ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ። ከኢትዮጵያ የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ኦሪትን የሚያነቡት በግዕዝ ነው፤ ብዙ ቤተሰቦች በኋላ በኤር ሼቫ ከተማ ውስጥ ሰፍረዋል። በንባባቸው ዐዘቅተ መሐላ ያሉትን ቦታ በኑሯቸው በኤር ሼቫ ብለው ይጠሩታል። የባለቤትሽ እህት ሠፈሯ ካሉት ቄሶች አንዱን ብትጠይቅ ስለዚህ ከእኔ የተሻለ ያጫውታታል።

መጽሐፈ ኩፋሌም አለ። በጥንት ዘመን በዕብራይስጥ ተጽፎ፣ ቁርጥራጩ በሙት ባሕር ዋሻዎች ተገኝቶ፣ ሙሉው ግን የተረፈልን በግዕዝ ብቻ ነው። ኩፋሌ ውስጥ አብርሃም የሚኖረው በዐዘቅተ መሐላ ነው። እዚያ መሠዊያ ይሠራል፣ የዳስ በዓልን ሰባት ቀን በደስታ ያከብራል፣ ቅርንጫፍ ይዞ በየቀኑ መሠዊያውን ሰባት ጊዜ ይዞራል። የግዕዙ ስም መሐላ ብቻ ቢልም፣ ታሪኩ ሰባቱን መልሶ ያስገባዋል።

ከይስሐቅ ታሪክ ደግሞ አንድ ነገር ላሳይሽ፣ ቅጂዎችን ማወዳደር ለምን እንደሚጠቅም የሚያሳይ ነው። ዕብራይስጡ ዘፍጥረት 26 ቁጥር 32 ላይ አገልጋዮቹ መጥተው «ውኃ አገኘን» አሉት ይላል። ግሪኩ «ውኃ አላገኘንም» ይላል። ተቃራኒ! ምክንያቱ አንዲት ትንሽ ቃል ናት። በዕብራይስጥ «ለእርሱ» እና «አይደለም» ሁለቱም «ሎ» ተብለው ነው የሚነገሩት፣ አንዱ በ«ዋው» ሌላው በ«አሌፍ» መጻፋቸው ነው ልዩነቱ። «አሉት፦ ውኃ አገኘን» የሚለው «አሉ፦ ውኃ አላገኘንም» ሆኖ ተነበበ። ኩፋሌም ውኃ አላገኙም ከሚለው ወገን ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከዕብራይስጥ የተተረጎመ አማርኛ ይዞ፣ ሌላው ግዕዙን ይዞ፣ በዚህ ጉዳይ ቢከራከሩ ሁለቱም መጽሐፋቸውን በትክክል እያነበቡ ነው።

ስለ ንግሥተ ሳባ አሁን። ወንድማችን የተሳሳተው በቀላሉ የሚያሳስት ነገር ላይ ነው፣ በተለይ ውጭ አገር ለሚኖር፤ በፈረንጅ አፍ ሁለቱም «ሺባ» ተብለው ነው የሚጻፉት። በዕብራይስጥ ግን የንግሥቲቱ አገር መጨረሻው በአልፋው «አ» ነው፣ ሽ-ብ-አ። የሰባቱና የመሐላው ቃል መጨረሻው በዓይኑ «ዐ» ነው፣ ሽ-ብ-ዐ። ፊደል ስንማር «አልፋው አ፣ ዓይኑ ዐ» እያልን የምንለያቸው እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ዛሬ በአማርኛ አንድ ድምፅ ስለሆኑብን ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ በዕብራይስጥና በጥንቱ ግዕዝ ግን ሁለት የተለያዩ ተነባቢዎች ናቸው። የደቡብ ዓረቢያ ሳባውያንም የራሳቸውን ስም በድንጋይ ላይ የጻፉት ስ-ብ-አ ብለው፣ በአልፋው ነው። ስለዚህ ቤርሳቤህን ከንግሥተ ሳባ ጋር ማገናኘት አይቻልም። ልጅሽ ስታድግ ማንም «ስምሽ የሳባ ጉድጓድ ነው» ቢላት፣ አይደለም እንድትል አስተምሪያት።

ዓረብኛው ሌላ ፍቺ ጨምሯል። ከተማው በዓረብኛ «ቢር ኢስ-ሰብዕ» ይባላል፣ ሰባት የሚለው ቃል ከአውሬ ወይም ከአንበሳ ስም ጋር በዓረብኛ ስለሚመሳሰል «የአንበሳ ጉድጓድ» የሚሉት አሉ። የሕዝብ አፈታት ነው እንጂ የስሙ መነሻ አይደለም።

ቦታው ዛሬ የት ነው? ኦቶማኖች የዛሬውን ከተማ የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ ነው። የጥንቱ የእስራኤላውያን ከተማ ፍርስራሽ ከእሱ በስተምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ባለ ጉብታ ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ዮሐናን አሃሮኒ የሚባል አርኪዮሎጂስት ቆፍሮታል፤ በ2005 ከመጊዶና ከሐጾር ጋር በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በከተማው በር አጠገብ 69 ሜትር ያህል የሚጠልቅ ጉድጓድ አለ። ያን ያህል ጥልቀት ውኃ የሚቆፈርበት አገር ነው፤ አብርሃም ስለ አንድ ጉድጓድ ንጉሥ ፊት ቆሞ የተከራከረው፣ በግና መሐላ ያስፈለገው፣ ለዚህ ነው። ቦረናን ወይም አፋርን የሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ የመሠዊያ ድንጋዮች ተገኙ። ማዕዘናቸው ቀንድ ያላቸው፣ በአንዱ ላይ እባብ የተቀረጸበት። መሠዊያው ቆሞ አልነበረም፤ ፈርሶ ድንጋዮቹ በመጋዘን ግድግዳ ውስጥ ተገንብተው ነው የተገኙት። ኦሪት ዘጸአት 20 መሠዊያ ባልተጠረበ ድንጋይ ይሠራ ይላል፣ ይሄ ግን የተጠረበ ነው። ብዙዎች ያፈረሰው የንጉሥ ሕዝቅያስ ተሐድሶ ነው ይላሉ፣ ሊሆን ይችላል። ነቢዩ አሞጽም በምዕራፍ 5 ሰዎች ወደ ቤርሳቤህ እንዳይሻገሩ ይከለክላል። በምዕራፍ 8 ደግሞ «ሕያው የቤርሳቤህን መንገድ» እያሉ የሚምሉትን ይወቅሳል። የመሐላው ጉድጓድ በኋላ ዘመን ሰዎች በስሙ የሚምሉበት ቦታ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ። ይህ ሁሉ ቅርስ ከነገሥታቱ ዘመን አካባቢ ነው። «ይህ አብርሃም የቆፈረው ጉድጓድ ነው» የሚል ምልክት ጉብታው ላይም፣ ከተማው ውስጥም ለጎብኚ ሲነገር ትሰሚያለሽ። ቁፋሮው ይህን አላረጋገጠም። ማረጋገጥም የሚችል አይመስለኝም። ጉድጓድ ስም ተጽፎበት አይገኝም። ለመጎብኘት ሂዱ፣ ግን እምነታችሁን በዚያ ድንጋይ ላይ አታስደግፉት።

የሴቲቱን ስም በመጨረሻ ያስቀመጥኩት የጉድጓዱ ታሪክ ሳይገባሽ ስለማይገባሽ ነው። ባት ሼባ «የመሐላ ልጅ» ወይም «የሰባት ልጅ» ማለት ነው። ወላጆቿ ለምን እንዲህ እንዳሏት አልተጻፈም፤ በሰንበት ስለተወለደች፣ ሰባተኛ ልጅ ስለሆነች እያሉ የሚጽፉት ከራሳቸው ያመጡት ነው። ከከተማው ጋር የሚያገናኛት ምንም ቃል የለም። ግን አንድ ነገር አለ። ናታን ዳዊትን ሲገሥጽ አንዲት ታናሽ በግ ብቻ ስለነበረችው፣ እሷንም አንድ ባለጠጋ ስለነጠቀው ድሃ ይነግረዋል። የዚያች በግ የዕብራይስጥ ስም «ኪብሳ» ነው፤ አብርሃም ለይቶ ያቆማቸው ሰባት በጎችም «ኪብሶት» ናቸው፣ ያው ቃል። ዳዊትም ተቆጥቶ ያ ሰው ይክፈል ይላል፦ በዕብራይስጡ አራት እጥፍ፣ በግሪኩ ሰባት እጥፍ። ሰባት የሚለው የመጀመሪያው ንባብ ሊሆን ይችላል የሚሉ ሊቃውንት አሉ፣ ዳዊት ሳያውቀው በራሱ አፍ የሴቲቱን ስም ጠራ እንደማለት። ይህን እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ዕድል ያዢው፣ ሆኖም እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

«ስሟ የኃጢአት ታሪክ ያስታውሳል፣ ለልጅ አይሆንም» የሚልሽም አይጠፋም። ተግሣጹ የተነገረው ለዳዊት ነው፣ ናታን «ያ ሰው አንተ ነህ» ያለው እሱን ነው። በታሪኩ ውስጥ የተነጠቀችው በግ እሷ ናት። ያቺው ሴት የሰሎሞን እናት ሆነች፤ 1ኛ ነገሥት 2 ላይ ንጉሡ ሰሎሞን ከዙፋኑ ተነሥቶ ይሰግድላታል፣ በቀኙም ወንበር ያስቀምጥላታል። በክብረ ነገሥት ትውፊት ደግሞ የቀዳማዊ ምኒልክ አያት መሆኗ ነው። በዚህ ስም የሚያሳፍር ነገር የለም።

ስለዚህ ምክሬ፣ ስሙን አትለውጡ። ቤርሳቤህ በአማርኛ የቆየ የሴት ስም ነው፣ መጽሐፍ ቅዱሳችንም የሰሎሞንን እናት የሚጠራት በዚሁ ነው። ትርጉሙን ስትነግሯት «የመሐላ ልጅ» በሏት፣ የቃል ኪዳን ልጅ ብትሏትም ከትርጉሙ አልራቃችሁም። «ጉድጓድ» የከተማው ስም ትርጉም እንጂ የእሷ አይደለም። ከክርስትና ስም ጋር አታምታቱት፤ በ80 ቀኗ ክርስትና የምታስነሷት ከሆነ ያ ስም ሌላ ነው፣ እሱን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱ። በላቲን ፊደል ለፓስፖርት ሲጻፍ የአማርኛውን ድምፅ ተከተሉ። የከተማውን የተለመደ አጻጻፍ ከካርታ ላይ አትቅዱ፤ አንዴ ልደት ሰርተፍኬት ላይ ከገባ ማስተካከሉ ብዙ ያንገላታል። እስራኤል ለሚጠይቁ ዘመዶች፣ ወይም አንድ ቀን ስሟን በዕብራይስጥ መጻፍ ካስፈለገ፣ ድምፁን በቀጥታ ከአማርኛው አትገልብጡት፣ ያን ጊዜ በእውነት ከተማ ትሆናለች። ቤት፣ ታው፣ ከዚያ ለይቶ ሺን፣ ቤት፣ ዓይን ተብሎ ይጻፍ፤ ሲነበብ ባትሼቫ ነው። እዚያ የታወቀ የሴት ስም ነው፣ የባለቤትሽ እህትም ይህን ስታይ የምትቃወመው አይመስለኝም።